አፋፍ

ሐምሌ አይደለም፤ ኅዳር ነው። ጉሙ ግን ጦሳን ውጦታል፣
ከመስኮቱ ወዲያ ያለው የደሴ ቆርቆሮ ጠፍቷል።
መምህር ይርጋው ገቡና፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ
ጠመኔ አንስተው ጻፉ ሦስት ቃል፤ ወደ እኛ ዞረው ሳቁ፦

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

«ይህ አባባል» አሉ፣ «የግሪክ ልጆች ጥንት እንደተማሩት፣
ስምንት በር አለው፤ በየበሩ አንኳኩ፣ አንዱንም አትዝለሉት።
ተናጋሪውን አመስግኑ፤ ቃሉን በሌላ ቃል ፍቱት፤
ምክንያቱን ስጡ፤ ተቃራኒውን ጥሩት፣ ይሟገት፤
ምስያ አምጡ፤ ምሳሌ አምጡ፤ የቀደመ ሰው ይመስክር፤
ከዚያ መደምደሚያ። ሰኞ ጧት እዚሁ ቆሞ መናገር።»

ቤታችን ሰኞ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጀርባ ነው፤
አባቴ ጆንያ ቆጣሪ፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ የሚያለብሰው።
መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስኩ። ማመስገኑ ቀለለኝ፦
«ይህን ያለው ሰው ስሙ ጠፋ፤ ቃሉ ግን እኔም ደረሰኝ።»
መፍታቱም አልገደደኝ፦ «የተነገረ አይመለስም።»
ምክንያቱ፦ «ጆሮ በር አለው እንጂ መዝጊያ የለውም።»
ተቃራኒውን ዘለልኩት ማለት ይቻላል፤ በአንድ መስመር፦
«ይህንን የመሰለ እውነት ማን ደፍሮ ሊከራከር?»
ምስያው ከሐረጎ መጣ፦ ፍሬኑ የከዳው ኤንትሬ፣
ጥምዙን እየዘለለ ኮምቦልቻ የሚቀድም እንደ ወሬ።
ለምስክር አያ ጦይብን ጠራሁ፣ የሰፈራችንን አስታራቂ፣
«ደም ይደርቃል፣ ነገር አይደርቅም» ባይ፣ የሁሉን ወገን ጠያቂ።

ምሳሌ ጋ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ፤
ሻማው አጠረ፣ ሌሊቱ ረዘመ።

ምሳሌው እዚያው ተኝቷል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣
ጋቢው ከእግሩ ያነሰ፣ አንገቱ ላይ የጤፍ ገለባ አሳድሮ።
አምና በምዝገባ ቀን፣ ከወላጆች ሰልፍ መሀል
«እዚህ ጋ ይፈርሙ» ተባለ፤ ብዕሩን የእንግዳ እጅ መስሎት ይዞ ቆሟል።
እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የጓደኞቼን ዐይን ፈርቼ
«ፊደል አያውቅም፣ ቀለም አምጡ!» ያልኩት፣ ቀድሜ ስቄ፣ ከሱ ተለይቼ።
አውራ ጣቱን ነክሮ አተመ። በመንገድ አንድ ቃል አልወጣውም።
ቀለሙ በሳሙና ለቀቀ። ሌላው ግን ዛሬም አልለቀቀም።

ይህን ልጻፈው? ባዶ መስመር ትቼ አለፍኩት፤
ሰኞ ቆሜ የቀሩትን በሮች እያንኳኳሁ አነበብኩት።
መምህር ይርጋው አላጨበጨቡም። ወረቀቱን ተቀብለው
በቀይ «ምሳሌ?» ብለው መለሱልኝ፣ ያቺን ባዶ መስመር ከበው።

ማታ አባቴ አየው። «ቀዩ ምንድን ነው?» አለኝ።
ልዋሽ አሰብኩ። «አንብቢልኝ» ብሎ በርጩማ ሳበልኝ።
አነበብኩ። ባዶው ጋ ስደርስ ከወረቀቱ ሳይሆን ከአፌ
የምዝገባውን ቀን ነገርኩት፣ በየቃሉ ተደናቅፌ።

ዝም አለ። ጆንያ እንደሚቆጥር በጣቱ ጉልበቱን መታ።
ከሸዋ በር አዛን መጣ፤ አለፈ፤ ሌላ ዝምታ።

«ልጄ» አለ ኋላ፣ «ፊደል ባላውቅ አፋፍ አውቃለሁ፤
ሐረጎ ላይ ድንጋይ ስፈልጥ ሰባት ክረምት ቆሜበታለሁ።
አፋፍ ገደል አይደለም፤ አፋፍ የገደል ጫፉ ነው።
ጫፍ የደረሰን ነገር እዚያ የቆመ ሰው ይይዘዋል፣ እጅ ካለው።
ያንቺም ቃል አልወደቀም፤ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ
ባለቤቱን ሲጠብቅ ነበር፣ ብርዱን ለምዶ፣ ከርሞ።»

ተቃራኒዬን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት፣ በሱ ቃል።
ምሳሌውን ባዶ ተውኩት፤ እሱን ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ።
መምህር ይርጋው ሁለቴ አነበቡ፦ «ይህን ያለው ሊቅ የት ይገኛል?»

«ሰኞ ገበያ» አልኩ፣ «ከእህል ተራው ጀርባ፤
ጧት በጉም ይወጣል፤ ማታ ነው የሚገባ።»